የዲኤክሷ ሞተር እጥበት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2017

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሞተሯ 4ኬ የሚባለው ነው፣ 1290 ሲሲ። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው)፣ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው)፣ አራት ካንዴላ፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላትም። ከአባቴ ነው ያገኘኋት። እሱ ኮፈኑን የሚከፍተው ዘይትና ውኃ ለማየት ብቻ ነበር። እኔም ያንኑ ልማድ አብሬ ወረስኩ።

ዛሬ ጠዋት ለገና ዶሮ ልገዛ ስወጣ ቆማ ባደረችበት ሲሚንቶ ላይ መዳፍ የሚያክል ዘይት አየሁ። ዶሮው ቀርቶ ሜካኒክ ጋ ሄድኩ። ባትሪ አብርቶ አየና «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ቴስታታው ይወርዳል። ከነዕቃው 18 ሺህ» አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ በእሱና በታችኛው ብሎክ መሀል ገብቶ የሚያሽገው። ከየት በኩል ነው የሚወጣው ስለው ጣቱን ሞተሩ ላይ በጅምላ አዞረው።

ልፈርድበት አልችልም። ምኑም አይለይም። ቴስታታው፣ ብሎኩ፣ የቤንዚን ፓምፑ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ቅርፊት ለብሰዋል። ዘይት ላይ አቧራ፣ አቧራ ላይ ዘይት፣ በዚያ ላይ የክረምት ጭቃ፤ የ40 ዓመት ክምችት። በካቻቢቴ ጫፍ ስጭረው እንደ ድስት ግርጌ እየተላጠ ወረደ።

ስለዚህ 18 ሺህ ከመክፈሌ በፊት አጥባታለሁ። እንዲያምር አይደለም፤ ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ማየት እፈልጋለሁ። ቦሎም እየደረሰ ነው። ደግሞ መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያለችንን መያዝ ነው።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ለምን ላቫጆ አልወስዳትም? አንዴ ወስጃት ነበር። በኃይለኛ ግፊት ውኃ ከላይ ለቀቁባት። እዚያው ቀጥ አለች። ሦስት ሰው ገፍቶ ከማጠቢያው አወጣት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እያሳለች ተነሳች። ከዚያ «እናሳምርልህ» ብለው ናፍታ ረጩበት። ሞተሩ እንደ አዲስ ጫማ አብረቀረቀ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የኮተቤ አቧራ ሁሉ ተለጠፈበት። አሁን የምፍቀው ቅርፊት ከፊሉ የዚያን ቀን ነው።

የዚች ዓይነት ሞተር ጠላቱ ውኃው ራሱ አይደለም። ችግሩ ውኃው በግፊት ሲመጣ ነው። ግፊት ውኃን በላስቲክ ሥር፣ በክዳን ስንጥቅ፣ በሽቦ ማያያዣ ውስጥ ይነዳዋል። በዝናብ የማይገባበት ቦታ ሁሉ ይገባል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ደግሞ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ነው የሚዞረው። እርጥበት ካገኘ እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ በእርጥቡ ላይ አቋርጦ ይጠፋል። ክረምት ላይ ኩሬ ገብተው መሀል መንገድ ቀጥ የሚሉት ዲኤክሶች ታሪክ ይኸው ነው።

እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ ለግፊት የሚሆን ውኃም የለኝም። ሮቶው ውስጥ ያለውን ለመኪና ካፈሰስኩት ቤት አያስገቡኝም።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ገበያ። 2 ሊትር ላምባ 240 ብር። ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና 1 ሊትር 130። የቀለም ብሩሽ ሁለት፣ አንድ ሰፊ አንድ ቀጭን፣ 160። ጓንት 60። ፕላስተር 50። ለባትሪው ጫፍ ቤኪንግ ሶዳ 50። ድምር 690 ብር። ሰጋቱራ ደግሞ ከጎረቤት እንጨት ቤት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በነፃ። ያረጁ የጥርስ ብሩሾች ከቤት ሰበሰብኩ። አንዱ ያረጀ አልነበረም፤ ማታ ላይ ነው የታወቀው።

ማጠቢያው ምን ይሁን በሚለው ግቢው ሁሉ ተከራከረ። ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የላዳ ታክሲ ነድተዋል። «በቤንዚን ነው እንጂ! አንድ ሊትር ቤንዚን፣ አንድ ብሩሽ፣ አለቀ» አሉ።

«ጋሼ፣ ቤንዚን ይቅርብኝ» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ልክ ነህ ልጄ» አሉ። አንድ ጓደኛቸው በቤንዚን አጥቦ ሳይደርቅ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ሲመታው ላዳው በእሳት ተያይዟል። ይህን እያወቁ ነው እንግዲህ የሚመክሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በየትኛውም ሰዓት ዝግጁ ነው ማለት ነው። ላምባ ግን በደንብ እንዲተን ከ38 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ፣ በብሩሽ እየተቀባ፣ ደጅ ላይ ከሆነ ይቻላል። ሞቃት ሞተር ላይ ግን ላምባም ያው ቤንዚን ነው።

የሠራተኛችን ሐሳብ በረኪና ነበር። ነጭ ልብስ ላይ የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል ብላ። አይሆንም፤ ካርቡሬተሩ የአሉሚኒየምና የዚንክ ዘር ነው፣ በረኪና ይበላዋል። ብረቱንም ያዝገዋል።

ጥር 4፣ እሑድ

የደረቅ ሥራ ቀን። ውኃ አልነካሁም። ይህን ደረጃ መዝለል አምሮኝ ነበር፤ ባለመዝለሌ ደስ ብሎኛል። ደረቁን ሳያነሱ ውኃ ማፍሰስ ጭቃ ማቡካት ነው።

መጀመሪያ ባትሪ። በ10 ቁልፍ ኔጌቲቩን ፈታሁ። ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ነው የሚቀድመው። ፖዘቲቩን ስፈታ ቁልፉ ቦዲውን ቢነካ ኔጌቲቩ እስካልተፈታ ድረስ ቦምብ ነው። ሲገጠም ደግሞ ኔጌቲቭ መጨረሻ።

ከዚያ ቅርፊቱን በእንጨት ቁራጭ ፋቅሁ። ካቻቢቴ ለመጠቀም ሞክሬ የውኃ ቱቦውን ልወጋው ምንም አልቀረኝም፤ ወዲያው ወደ እንጨት ዞርኩ። ከሥር ካርቶን አንጥፌ ነበር። ከካርቶኑ ላይ የሰበሰብኩት አንድ የስኳር ፌስታል ሞላ። በመሀሉ የደረቀ ቅጠል፣ የአይጥ ጎጆ የሚመስል የጥጥ ጉንጉን፣ አንድ የአባቴ የካንዴላ ቁልፍ። ቁልፉ የጠፋብን በ1998 ገደማ ነው። እናቴ ሌባ ነው ብላ የሰፈሩን ልጅ ስታማ ኖራለች።

አሁን ስህተቱ። በካርቡሬተሩ ዙሪያ ያለውን ለማጽዳት የአየር ፊልትሮውን ቤት አነሳሁ። ከላይ የምትይዘው የቢራቢሮ ዳዶ ከጣቴ አመለጠች። «ቅጭል» አለች። ከዚያ ዝምታ።

የካርቡሬተር አፍ ክፍት ሆኖ ቅጭል ማለት መልካም ዜና አይደለም። ዳዶዋ ወርዳ ማኒፎልድ ውስጥ (ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስደው ቱቦ) ከገባች ቀጣዩ ማረፊያዋ ፒስተን ነው። ባትሪ አበራሁ። የለችም። ግማሽ ሰዓት ሞተሩን ሁሉ በእጄ ዳሰስኩ። ባለቤቴ መጥታ ስልኳን አስገብታ በካሜራ ቀረጸችልኝ፤ ካርቡሬተሩና ቴስታታው መሀል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ተጋድማለች። ከተሰባበረ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት በሽቦ አስሬ ጎተትኳት።

ንጹሕ ጨርቅ አፉ ላይ ወትፌ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም። ፊልትሮውን ወዲያውኑ መለስኩት። በእጥበቱ ቀንም አላነሳውም፤ እሱ ራሱ ለካርቡሬተሩ ጥሩ ጃንጥላ ነው።

የባትሪ ጫፎች ላይ የነበረውን አረንጓዴና ነጭ ዱቄት በሶዳ ውኃ አጠብኩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ። መጀመሪያ ሳላይ የወሰድኩት የቤኪንግ ፓውደር ቆርቆሮ ነበር። ባዶ ውኃ ላይም አረፋ ሲሰጥ ነው የገባኝ። ፓውደሩ ውስጥ አሲድም አብሮ አለ፤ ሶዳው አቅሙን እዚያው እርስ በርስ ይጨርሳል። ንጹሑ ሶዳ ግን የባትሪውን አሲድ ሲያገኝ ነው የሚፈላው። የባትሪው ቀዳዳዎች በደንብ መከደናቸውን አይቼ ነው ያፈሰስኩት፤ ሶዳ ውስጥ ከገባ ባትሪውን ይገድለዋል።

ጥር 10፣ ቅዳሜ፣ ከተራ

ቀኑን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። ከሰዓት ታቦት ሲወጣ መንገዱ ስለሚዘጋ መኪና አያስፈልገኝም። ብትበላሽም ቀኑን ሙሉ የእኔ ናት። የጥር ፀሐይ ደግሞ ለማድረቅ የተሠራ ነው።

ከትናንት ማታ ጀምሮ አላስነሳኋትም። በሥራ ላይ የቆየ የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቢፈስ የጋለው ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል። ላምባ ቢፈስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኮፈኑን ከፍቼ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ተኩል ፀሐይ ላይ አቆምኳት። ቅባቱ ትንሽ እንዲላላ ያህል። እጅ ጭኖ መቆየት የሚቻልበት ሙቀት፣ ከዚያ አያልፍም።

ከሥሯ ላስቲክ አነጠፍኩ፣ በላስቲኩ ላይ ሰጋቱራ በወፍራሙ በተንኩ። ዘይትና ላምባ ወደ ግቢው ቱቦ ከሄደ ወደ ወንዙ ነው የሚሄደው፤ ከታች ደግሞ በዚያው ውኃ ጎመን የሚያለሙ ሰዎች አሉ። ሰጋቱራው ዘይቱን ጥሩ አድርጎ ይጠጣል።

ባትሪውን ፈትቼ ጭራሽ አወጣሁት። ዲናሞውን በፌስታል ሸፈንኩ። ኮይሉን (ለእሳቱ ኃይለኛውን ቮልት የሚሰጠውን)፣ የፊውዝ ሳጥኑን፣ የፊልትሮውን አፍ፣ እንዲሁ። የዘይት መክደኛውና የዘይት መለኪያው ዘንግ በደንብ መግባታቸውን አየሁ። ዲስትሪቢዩተሩን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ በፕላስተር ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። በራሴ ኮራሁ። ይህችን ኩራት ልብ በሉልኝ።

ላምባውን በቆርቆሮ ቀድቼ በቀለም ብሩሽ መቀባት ጀመርኩ። የምረጨው ነገር የለም፤ መርጨት ተኑን አየር ላይ ይበትናል። ብሎኩ ላይ ስቀባ ጥቁሩ ቅርፊት መጀመሪያ ይጨልማል፣ ከዚያ ያብጣል፣ ከዚያ እንደ ወጥ ይወርዳል። ከሥሩ ግራጫ ብረት ብቅ አለ። ብሎኩ ላይ የፋብሪካው ፊደል ተነበበ። ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቃት መኪና ናት፤ ይህን አይቼው አላውቅም።

በዚህ መሀል የቡና ሽታ መጣ። ዞር ስል ባለቤቴ ረከቦቱን ደጅ አውጥታ ከእኔ አራት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ከሰል እያራገበች ነው። ፍሙ ቀልቷል። እኔ በእጄ ላምባ የነከረ ብሩሽ፣ ከእግሬ ሥር ላምባ የጠጣ ሰጋቱራ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር መሰለኝ፤ ተቀይማ ገባች። የመኪናዋን እሳት ማጥፊያ አጠገቤ አድርጌ ነበር፣ ከሰሉን ግን አላሰብኩትም። ዲኤክስ ውስጥ ሲጋራ አታጭሱ ይባላል፤ ከተራ ቀን ቡና አታፍሉ የሚል የለም። ቡናው ቤት ውስጥ ተፈላ። ሦስተኛው ላይ ታረቅን።

ላምባውን ከ10 ደቂቃ በላይ አላቆየሁትም። የጎማ ቱቦና ቺንጋ (የሚዞረው የጎማ ቀበቶ) ላይ ከቆየ ያሳብጠዋል። ቺንጋው ላይ ጭራሽ እንዳይደርስ በጨርቅ ሸፍኜው ነበር። ከዚያ ሳሙና፣ አንድ እጅ በአሥር እጅ ውኃ። ሳሙናው ከታች ወደ ላይ ነው የሚቀባው፤ ከላይ ከጀመሩ እየወረደ ታች ያለውን ደረቅ ቆሻሻ ዥንጉርጉር ያደርገዋል። ማለቅለቁ ግን ከላይ ወደ ታች።

ለማለቅለቅ የተጠቀምኩት ሃይላንድ ነው። ክዳኑን በሞቀ ምስማር ሰባት ቦታ በሳሁት። ጨመቅ ሲያደርጉት እንደ ሻወር ነው። የምፈልገው ቦታ ላይ ብቻ ይሄዳል፣ ግፊትም የለውም። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አዘጋጅቼ ነበር፤ የጨረስኩት አንዱን ተኩል ነው። ሁለት ዙር ሳሙና፣ ሁለት ዙር ውኃ። በጥርስ ብሩሽ የካርቡሬተሩን እግር፣ የፓምፑን ዙሪያ፣ የዳዶዎቹን ጥግ። ሰባት ሰዓት ላይ አለቀ።

በጨርቅ አደረቅሁ። ኮፈኑን ክፍት አድርጌ ምሳ በላሁ። አሥር ሰዓት ላይ ፌስታሎቹን ማንሳት ጀመርኩ። ዲናሞው ደረቅ፣ ኮይሉ ደረቅ። የዲስትሪቢዩተሩን ፌስታል ስፈታ ግን እጄ ላይ ውኃ ፈሰሰ። አንድ ስኒ ይሆናል። ለብ ያለ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል።

እንዴት? አየሁት። የካንዴላ ሽቦዎቹ የሚወጡት ከላይ ነው። ስለዚህ ፌስታሉን ከሥር አልብሼ አፉን ወደ ላይ፣ ሽቦዎቹ ላይ አሰርኩት። ውኃው ሽቦዎቹን ተከትሎ ቀጥታ ወደ ውስጥ ገባ። ውስጥ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም፤ እኔ ነኝ በፕላስተር ያሸግኩት። ዲስትሪቢዩተሩን ከውኃ ልጠብቅ ብዬ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሳይሸፈን ቢቀር ይሻለው ነበር።

አፉ ወደ ታች መሆን ነበረበት። እንደ ጃንጥላ እንጂ እንደ ስልቻ አይደለም።

ባትሪውን ገጠምኩ፣ ሞከርኩ። ሞተሪኖው ይዞራል፣ እሳት የለም። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት፤ ቤንዚኑ ካንዴላዎቹን ያርሳቸዋል፣ ባትሪውም ይሞታል። ጋሼ ከታቦት ሲመለሱ ኮፈኑን ክፍት አይተው «ምን አገኛት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ፌስታሉን ሳሳያቸው በጣም ሳቁ።

ጥር 11፣ እሑድ፣ ጥምቀት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አወጣሁ። ሁለት ክሊፕ ነው። ሽቦዎቹን ከመንቀሌ በፊት ግን በስልክ ፎቶ አነሳሁ፣ በባለቤቴ ጥፍር ቀለም ደግሞ ቁጥር ጻፍኩባቸው። የዚህ ሞተር የእሳት ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ሁለት ሽቦ ከተቀያየረ ወይ አትነሳም ወይ በካርቡሬተር ትተኩሳለች።

የክዳኑ ውስጥ እንደ ሻይ ቤት መስኮት ላብ ለብሷል። በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁ። በፀጉር ማድረቂያ ልጨርሰው ስሰካ መብራት ሄደ። ክዳኑንና ሮተሩን (ከውስጡ እየዞረ እሳቱን የሚያድለውን) ሰፌድ ላይ አድርጌ ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ፑንቲናውን (እሳቱን የሚቆራርጠውን መገናኛ) በደረቅ ወረቀት አለፍ አደረግሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገጥሜ ሞከርኩ። ተነሳች! ግን ትንቀጠቀጣለች። አንዱ ሲሊንደር አይሠራም። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ብነቅል የትኛው እንደሆነ ይታወቃል፤ ግን በእጅ አይነካም። በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ ነው የያዝኩት። ሦስተኛውን ስነቅል ምንም ለውጥ የለም። ሰነፉ እሱ ነው።

ምሽት ላይ፣ ሲጨልም፣ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። መብራት ስለሌለ ግቢው ድቅድቅ ነው። ክዳኑ ጎን ላይ ቀጭን ሰማያዊ ክር ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ ይላል። እሳቱ ወደ ሦስተኛው ካንዴላ አይሄድም፤ በክዳኑ ጎን ወደ ብረቱ ይሾልካል። ይህን ቀን ላይ ማየት አይቻልም። መብራት ኃይልን አመስግኜ የማውቀው የዚያን ማታ ብቻ ነው።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ትናንት ሚካኤል ስለነበር ሱቅ ዝግ ነው። ዛሬ ሶማሌ ተራ።

ክዳኑን ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ በብርሃን አዙሮ አየና በጥፍሩ አንድ መስመር አሳየኝ። በእርሳስ የተሰመረ የምትመስል፣ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር። እሳቱ በእርጥብ ላይ ሲሾልክ ፕላስቲኩን አቃጥሎ ከሰል ያደርገዋል። ከሰል ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አንዴ መንገድ ከተሠራ ቢደርቅም በዚያው ነው የሚሄደው። በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ለጊዜው ነው።

የእኔ ፌስታል ነው የሠራው ወይስ ድሮም ነበር? ባለሱቁ «ይቺ የቆየች ናት» አለኝ። መጽናኛ ይሁን እውነት እንጃ። ክዳን 850፣ ሮተር 300። ክዳኑን ሲሰጠኝ ከአሮጌው ጋር አስተያይቼ ነው የተቀበልኩት፤ ክሊፑ የሚይዝበት ጆሮ ቦታው የሚለያይ አለ።

ማታ ገጠምኩ። እንደ ስፌት መኪና ሠራች። ከትናንት ወዲያ የነበረው መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም፤ ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት የነበራት ሳልም በዚህች መስመር ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ሐምሌ ላይ ይታያል።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሞተሩ ንጹሕ ነው፣ ዘይቱ ግን አሁንም ይንጠባጠባል። ከየት?

የሕፃን ፓውደር። ይህን ዘዴ የነገረኝ ቦሌ አካባቢ ጋራዥ የሚሠራ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ቴስታታውና ብሎኩ የሚገናኙበትን መስመር፣ የቴስታታውን ክዳን ዙሪያ፣ የፓምፑን እግር፣ በጨርቅ ደረቅ አድርጌ ጠረግሁ። ከዚያ በደረቅ ብሩሽ ፓውደር ነሰነስኩ። ቺንጋውና ፊልትሮው ላይ እንዳይደርስ ተጠንቅቄ። ሞተሩ ነጭ ሆነ። ግቢው የአራስ ቤት ሸተተ።

ከኮተቤ መገናኛ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ተመልሼ ኮፈኑን ስከፍት መልሱ ተጽፎ ጠበቀኝ። ከቴስታታው ክዳን የኋላ ጥግ፣ ወደ ሾፌሩ በሚያየው በኩል፣ አንድ ጥቁር መስመር ይጀምራል። ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ቴስታታውና ብሎኩ የሚጋጠሙበት ጠርዝ ላይ ይደርሳል። እዚያ ጠርዙን ይዞ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ከጠርዙ በታች በራሱ የሚጀምር ምንም መስመር የለም። ፓውደሩ እንደተነሰነሰ ነጭ ነው።

ለሜካኒኩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን የመሰለው በዚህ ነው። ዘይቱ ጠርዙ ላይ ስለሚተኛ ከዚያ የሚወጣ ይመስላል። ያኔ ደግሞ በቅርፊት ተሸፍኖ ነበር። ሌሎቹንም ምልክቶች አየሁ፤ ዘይቱ እንደ ማኪያቶ አልነጣም፣ ራዲያተሩ አረፋ አይሰጥም፣ ውኃ አይቀንስም። የሚያፈሰው የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን ነው፣ የቡሽ። 400 ብር።

ፓምፑ እግር ሥርም ትንሽ ርጥበት አለ። ላብ የምታክል። እሷን ለጊዜው አላየሁሽም ብያታለሁ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

የቴስታታውን ክዳን የያዙትን ዳዶዎች ፈታሁ። ከመጠን በላይ ጠብቀው ነበር፤ አንዱ ሲለቅ ጮኸ። የድሮው ቡሽ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ከአንዱ ወገን አንድ ሰው ሲሊኮን በወፍራሙ ለድፎበታል። አባቴ አይመስለኝም። ቢሆንም አልነግራችሁም።

ፍርፋሪው ውስጥ እንዳይገባ መጀመሪያ የቫልቩን ክፍል በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩ። ከዳዶዋ ጉድ በኋላ ክፍት ቀዳዳ ሳይ ጨርቅ ነው የሚታየኝ። ጠርዙን በፕላስቲክ ካርድ ፋቅሁ፤ ብረት ከተጠቀምኩ አፉን እጭረውና በዚያው ያፈሳል። በጨርቅ ላምባ ጠረግሁ፣ አደረቅሁ። አዲሱን ቡሽ ያለ ሲሊኮን አስቀመጥኩ። ዳዶዎቹን እያፈራረቅሁ፣ ትንሽ በትንሽ። ቡሽ ነው፤ ጨክኖ ያጠበቀው ሰው ነው የድሮውን የገደለው። ቡሹ ትንሽ ጎኑን ማሳበጥ ሲጀምር አቆምኩ።

ቫልቩን ሳየው ክፍተቱን ላስተካክል ወይ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አንድ ሥራ ሳይጨርሱ ሌላ መክፈት የዲኤክስ ባለቤት በሽታ ነው። ዘጋሁት።

እዚያው ላይ ሌላ ፈተና፦ ሞተሩ ንጹሕ ሲሆን ደብዛዛ ነው፣ የላቫጆውን ማብረቅረቂያ አማረኝ። ናፍታ የለም፣ ዘይት የለም። ጎማዎቹን በእርጥብ ጨርቅ አበስኳቸው፣ በቃ።

ዘይት የጠጣው ሰጋቱራ እስካሁን በማዳበሪያ ታስሮ ግቢ ውስጥ ነበር። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ሲመጡ ዘይት እንዳለበት ነግሬ፣ እሳት አጠገብ እንዳያደርጉት አስጠንቅቄ ሰጠኋቸው። 50 ብር ጨመርኩላቸው።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ሂሳብ። ማጠቢያው 690፣ የዲስትሪቢዩተር ክዳንና ሮተር 1150፣ ጓርኒሲዮን 400፣ ለሰጋቱራው 50። በድምሩ 2290 ብር። አራት ቅዳሜ፣ ሁለት እሑድና አንድ ማክሰኞ ማታ ሄዷል። የጥርስ ብሩሽ አልቆጠርኩም፤ እሱን በሌላ ተክቻለሁ።

ሜካኒኩ ጋ አልፌ ነገርኩት። አልተከፋም። «ታጥባ ብትመጣ እኔም እነግርህ ነበር» አለኝ። ይህችማ እውነት ናት።

ሁለተኛ ጊዜ ባጥብ የምቀይረው ዲስትሪቢዩተሩን ነው። ክዳኑን አንስቼ ቤት አስገባለሁ፣ የቀረውን ክፍል በጨርቅ ወትፌ አፉ ወደ ታች በሆነ ፌስታል እሸፍነዋለሁ። ላምባውንም እቀንሳለሁ። ወፍራሙ ቅርፊት ስለወረደ ሳሙና ብቻ ይበቃዋል። ከሰል ደግሞ ከግቢው ውጭ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ለአንድ ሳምንት ከሥሯ ነጭ ካርቶን አንጥፌ ነው ያሳደርኳት። ዛሬ አወጣሁት። ከሞተሩ የኋላ ጥግ በኩል ምንም የለም። ከፓምፑ ሥር አንዲት ጠብታ፣ አሥር ሳንቲም የምታክል። አላየሁሽም ያልኳት እሷ ናት።

የፓምፑ ጓርኒሲዮን 80 ብር ነው ብለውኛል። ሁለት ቡሎን ነው። ጋሼ ካርቶኑን አጎንብሰው አይተው «ይሄማ ምራቅ ነው፣ ተዋት» አሉ።

አዲስ ካርቶን ላይ ቀኑን ጽፌ ከሥሯ አስገባሁ።